ከግድግዳው ጥግ የነበሩት አይጦች

ለምወድሽና ለምሳሳልሽ ታላቅ እህቴ፣

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ሰላምታዬ ከደጃፋችሁ ደርሶ ሲገባ መጀመሪያ ግንባርሽን፣ ቀጥሎ ሁለቱንም ጉንጮችሽን አገላብጦ ይሳምልኝ። ጤናሽ እንዴት ነው? እንቅልፍሽስ? ድድሽ አሁንም ያብጣል ወይስ ሻል አለው? ክኒኑ ጠዋት ጠዋት የሚያመጣብሽ መፍዘዝ ቀነሰልሽ? ለመጨረሻ ጊዜ ከጣለሽ ስንት ሳምንት ሆነ? ይህን ሁሉ ጥያቄ ባንድ ትንፋሽ መደርደር የሐኪም እንጂ የወንድም ወግ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን በስልክ ስጠይቅሽ ‹‹ደህና ነኝ›› ብለሽ ወሬ ስለምትቀይሪ፣ በደብዳቤ ሲሆን ማምለጫ አይኖራትም ብዬ ነው። እማዬስ ጉልበቷን እንዴት አደረጋት? ባለቤትሽስ ከፎቶኮፒ ማሽኑ ጋር ታረቀ ወይስ አሁንም ይሰድበዋል? ታናሻችንስ ፈተናዋን እንዴት ተወጣችው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ከናፍቆታችሁ በቀር የሚያመኝ የለም፤ እሱም ቢሆን ሥራ ሲበዛ ይለቀኛል፣ እሑድ እሑድ ግን ይነሳብኛል።

መጀመሪያ የምነግርሽ ነገር ደስ አይልም፤ ከሱ ቀጥሎ ያለው ግን ደስ ይላል። ስለዚህ መሃል ላይ አጥፈሽ ኪስሽ ውስጥ እንዳትከቺው አደራ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄ ነው እዚህ የደረስኩት። እታለም፣ ባለፈው ዓመት ‹‹መድኃኒቱ ተገኘ!›› ብዬ የጻፍኩልሽ መድኃኒት አልሠራም። እንዴት እንደታወቀና የኔ እጅ በነገሩ ውስጥ እንዴት እንደገባ ከሥሩ ልንገርሽ።

ሥራዬን በስልክ ‹‹የመድኃኒት ምርምር ተቋም ውስጥ ነው›› እያልኩ ሳሳጥረው፣ እናንተ ነጭ ጋዋን ለብሶ ማይክሮስኮፕ ላይ የተደፋ ሊቅ አድርጋችሁ እንደሳላችሁኝ ይገባኛል። ጋዋኑ እውነት ነው። ማይክሮስኮፑን ግን አቧራውን ስጠርግ ካልሆነ ነክቼው አላውቅም። እኔ የአይጦች ሞግዚት ነኝ። ሁለት መቶ አርባ አይጦች አሉኝ። ጠዋት ጓንትና ማስክ አድርጌ፣ ጫማዬን በፕላስቲክ ሸፍኜ እገባለሁ። ሰጋቱራቸውን እቀይራለሁ፣ ምግባቸውን እመዝናለሁ፣ ውኃቸውን በጡጦ ሞልቼ እሰቅልላቸዋለሁ። ከዚያ እያንዳንዱን ሳጥን ከፍቼ ማን በላ፣ ማን ከሳ፣ ማን ጥግ ይዞ ተኮራመተ እያልኩ መዝገብ ላይ አሰፍራለሁ። ክፍሉ መስኮት የለውም፤ መብራቱም በራሱ ሰዓት ይበራል፣ በራሱ ሰዓት ይጠፋል። ሽታውን መጀመሪያ ሰሞን አልቻልኩትም ነበር። አሁን ጭራሽ አይሰማኝም፤ ትዝ የሚለኝ አውቶቡስ ላይ ከጎኔ የተቀመጠ ሰው ቦታ ሲቀይር ነው።

አይጦቹ ተራ አይጦች አይደሉም። ከዘራቸው በመጣ ነገር እንዳንቺው የሚጥላቸው ናቸው። እንዳንቺው በማለቴ አትቀየሚኝ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ቀን አንዷ በእጄ ላይ እያለች አንገቷን አዙራ መንቀጥቀጥ ስትጀምር፣ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። አብሮኝ የነበረው ሰው ‹‹ፈራህ እንዴ?›› አለኝ። አልፈራሁም፤ የማውቀውን ፊት ስላየሁ ነው።

የክፍላችን ኃላፊ የመድኃኒት ተመራማሪ ናት፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ሳቅ የማይቀናት ሴት። በሌለችበት ሁላችንም ‹‹ሰዓቷ›› እንላታለን፤ ሁለት ሰዓት ከሩብ ካለች ሁለት ሰዓት ከሩብ ነውና። አንድ ቀን ስለ አይጦቹ በሽታ ምን እንደማውቅ ስትጠይቀኝ ስላንቺ ነገርኳት። ወንበር ስባ ተቀመጠችና እንዲህ አለችኝ፤ ‹‹በአንጎላችን ውስጥ ያሉት ሕዋሳት ተራ እየጠበቁ ነው የሚነጋገሩት። አንዳንዶቹ ሥራቸው መናገር ነው፤ የሌሎቹ ደግሞ ዝም ማሰኘት። ዝም አሰኚዎቹ ሲደክሙ ሁሉም ባንድ ጊዜ ይጮኻል፤ ያኔ ሰውየው ይወድቃል። ነገሩ ይኸው ነው።›› እታለም፣ ያን ቀን ቤቴ ስገባ አለቀስኩ። ያ ሁሉ ሰው ‹‹ምን ብታደርግ ነው›› እያለ ሲያንሾካሹክብሽ፣ አንቺም አንገትሽን ደፍተሽ ያሳለፍሽው ዘመን ትዝ ብሎኝ ነው። ምንም አላደረግሽም እኮ! ይህን ብቻ ሰምቼ ብመለስ እንኳ የመጣሁበት መንገድ ከንቱ አይሆንም ነበር።

ሰዓቷ የምትሞክረው ዱቄት እነዚያን ዝም አሰኚዎች ያበረታል ተብሎ የታሰበ ነበር። ዱቄቱ በውኃ ይሟሟል። ግማሾቹ አይጦች መድኃኒት ያለበትን ውኃ፣ ግማሾቹ ደግሞ ባዶውን ውኃ ይጠጣሉ፤ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደወደቁ ካሜራ ይመዘግባል። መድኃኒት የሚጠጡት ሳጥን ላይ አረንጓዴ ወረቀት፣ ባዶ ውኃ የሚጠጡት ላይ ነጭ ወረቀት ይለጠፋል። የሦስት ወሩ ውጤት ሲወጣ፣ ነጮቹ በሳምንት በአማካይ ዘጠኝ ጊዜ ሲጥላቸው አረንጓዴዎቹን የጣላቸው ሦስት ጊዜ ብቻ ነበር። ያን ቀን ሰዓቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ስብሰባ አረፈደች። አንድ ነገር ሆናለች ብለን ስንደነግጥ፣ ለካ ኬክ ልትገዛ ሄዳ ኖሯል። ትልልቆቹ ተመራማሪዎች እንደ ልጅ ተቃቀፉ። እኔም የኬኩን ክሬም ከጣቴ ሳልጠርግ ነው ያን ደብዳቤ የጻፍኩልሽ፤ ወረቀቱ ላይ ያየሽው የቅባት ነጥብ እሱ ነው።

መልስሽ ሲመጣ ግን ደስታዬ ቀዘቀዘ። ‹‹እኔና ባለቤቴ የልጁን ነገር ትንሽ ልናቆየው ተስማማን፤ የምውጠው ክኒን ለፅንስ እንደማይስማማ ሰምቻለሁ። ያንተ መድኃኒት እስኪደርስ እጠብቃለሁ›› ብለሽ ጻፍሽልኝ። ‹‹ያንተ መድኃኒት›› የሚለውን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አትጠይቂኝ። ኩራትም ፍርሃትም ባንድ ላይ ያዘኝ። ሠላሳ አራት ዓመትሽ ነው። በኔ አንድ ደብዳቤ ዕድሜሽን ልታሳልፊ ነው። ቢሆንም ‹‹ይደርሳል፣ አይዞሽ›› ብዬ መለስኩልሽ፤ ያኔ ከልቤ አምኜ ነበርና።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። የሥራው መመሪያ ‹‹ሳጥኖቹ በዕጣ ተደባልቀው ይቀመጡ›› ይላል። እኔ ደግሞ አረንጓዴና ነጭ ተደባልቆ ጡጦ እንዳላሳስት ስለፈራሁ፣ አረንጓዴዎቹን ሁሉ በግራው መደርደሪያ፣ ነጮቹን ሁሉ በቀኙ መደርደሪያ ሰበሰብኳቸው። ዓይን የሚስብ ሆነ። ጎብኚዎች መጥተው ‹‹እንዴት ያለ ሥርዓት ነው!›› ሲሉኝ ደረቴን ነፍቼ ቆምኩ። የቀኙ መደርደሪያ ጀርባውን የሰጠው ለማጠቢያ ክፍሉ ግድግዳ ነው። እዚያ ክፍል ሳጥኖቹን በፈላ እንፋሎት የሚያጥብ ትልቅ ማሽን አለ፤ በቀን አራት ጊዜ ያፏጫል። የምታንቀሳቅሰውም እኛ ‹‹እትዬ እንፋሎት›› የምንላት ቀልደኛ ሴት ናት። እኔ ፉጨቱን ከለመድኩት ቆይቻለሁ፤ አይጦቹ ይለምዱት አይለምዱት አስቤም አላውቅ።

ታዲያ አንድ ሰሞን ማሽኑ ተበላሸ። መለዋወጫው እስኪመጣ ስምንት ቀን ቆመ፤ እትዬ እንፋሎትም ሳጥኖቹን በእጇ እያሸች ማሽኑን የሠሩትን ሰዎች ስትረግም ሰነበተች። በዚያው ሳምንት መዝገቤን ስሞላ ብዕሬ ቀጥ አለ። የነጮቹ ሳጥን ሰጋቱራ እንደ ወትሮው አልተበተነም። ሲጥላቸው እኮ ሰጋቱራቸውን ይበትኑታል፤ እኔ ከካሜራው በፊት የማውቀው በሱ ነው። ገልብጬ ገላልጬ አየሁ። ምንም። ባዶ ውኃ እየጠጡ ልክ እንደ አረንጓዴዎቹ ደህና ሆነው ሰነበቱ። ማሽኑ ተጠግኖ ባፏጨ በማግስቱ ደግሞ ሰጋቱራው ሁሉ ተበትኖ አገኘሁት። ሁለተኛው ፉጨት ሲመጣ ቆሜ ጆሯቸውን ተመለከትኩ፤ የቀኞቹ ጆሯቸውን ከራሳቸው ጋር አጣበቁ፣ የግራዎቹ መብላታቸውን አላቋረጡም።

እታለም፣ ይህን ማን አስተማረኝ መሰለሽ? አንቺ ነሽ። አንቺ አሥራ አራት፣ እኔ ዘጠኝ ዓመት ሆኖን፣ እማዬ አሮጌ ደብተር ሰጥታኝ ‹‹እህትህን በጣላት ቁጥር ምልክት አድርግ፤ ከዚያ በፊት ምን እንደነበረም ጻፍ›› ያለችኝን ታስታውሻለሽ? ሁለት ወር ሙሉ ከጎንሽ አልተለየሁም። ያ የቤታችን የቆርቆሮ በር በነፋስ ሲላተም ነበር ብዙውን ጊዜ የሚጥልሽ። አጎታችን በበሩ መቃን ላይ የጎማ ቁራጭ መታበትና ያ ክረምት እንዴት እንዳለፈልሽ! ትምህርት ቤት ያላስተማረኝን ማየት፣ ከሕመምሽ አጠገብ ቁጭ ብዬ ነው የተማርኩት።

ያየሁትን ግን ወዲያው አልተናገርኩም፤ እውነቱን ልንገርሽ ብያለሁና። ሦስት ቀን አፌን ዘግቼ ዋልኩ። አንደኛ፣ ሳጥኖቹን የደረደርኩት እኔ ነኝ፤ ኮንትራቴም ሊታደስ አንድ ወር ነበር የቀረው። ሁለተኛ፣ ያ ሁሉ ሰው ደስ ብሎታል። ከሁሉም የባሰው ግን ደብዳቤሽ ነው። ጋዋኔ ኪስ ውስጥ አስቀምጬው እጄን በሰደድኩ ቁጥር ይነካኛል። ‹‹ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል፤ እኔ ማን ነኝ? ሰጋቱራ ቀያሪ›› እያልኩ ራሴን አባበልኩ። በሦስተኛው ቀን እትዬ እንፋሎት ፊቴን አይታ ‹‹አንተ ልጅ፣ አንድ አፍህ ውስጥ ያቆየኸው ነገር አለ፤ ወይ ዋጠው ወይ ትፋው›› አለችኝ። ነገርኳት። ሳቋ ከፊቷ ጠፋ። የራሷን ማስታወሻ አወጣችና ማሽኑ የቆመበትንና የተነሳበትን ቀን በሰዓቱ አሳየችኝ። ከኔ መዝገብ ጋር ስናስተያየው ገጠመ። ‹‹በል ተነስ፣ አብሬህ እሄዳለሁ›› አለችኝ፤ እጇ ከሳሙናው ሳይደርቅ።

ሰዓቷ ዱቄት ስትመዝን አገኘናት። ‹‹ዶክተር፣ አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ›› አልኳት። ቀና ሳትል ‹‹ስንት አመለጠ?›› አለችኝ። አይጥ ያመለጠኝ መስሏት ነው። ሁሉንም ዘርግፌ ነገርኳት፤ መደርደሪያውን፣ ግድግዳውን፣ ፉጨቱን፣ ስምንቱን ቀን። ጓንቷን ቀስ ብላ አወለቀች። ወደ አይጦቹ ክፍል ገብታ፣ የሰጋቱራው ጆንያ ላይ ተቀምጣ፣ ማሽኑ እስኪያፏጭ አርባ ደቂቃ ጠበቀች። አፏጨ። ጆሮዎቹን አየች። ‹‹በሰው ላይ ልንሞክረው ስድስት ሳምንት ነበር የቀረን። መቶ ሃያ ሕመምተኛ ተመዝግቧል›› አለች በመጨረሻ፤ ለኔ ይሁን ለራሷ አላወቅሁም። እኔ ያኔ ነው የደነገጥኩት። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አንቺን ብቻ ነበር የማስበው። ለካ እንዳንቺ ያሉ መቶ ሃያ ሰዎች፣ እነሱም እህትና ወንድም ያላቸው፣ የማይረባ ዱቄት ተማምነው ሊሰለፉ ኖሯል።

የተቋሙ የበላይ ኃላፊ ስብሰባ ጠራ። እኔ ከዚያ በፊት ያን አዳራሽ የማውቀው ወንበር ስደረድር ነው። ‹‹ሳጥኖቹን በዚህ መልክ ያስቀመጠው ማነው?›› ሲል ተነስቼ ቆምኩ። ‹‹እኔ ነኝ›› አልኩ። ኃላፊው ሌላ ነገር ከመናገሩ በፊት ሰዓቷ ከተቀመጠችበት ተነሳች። ‹‹መመሪያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ገብቼ ሳላይ ‘ተፈጽሟል’ ብዬ የፈረምኩትም እኔ ነኝ። እሱ ያጠፋውን በራሱ አፍ ነገረን። እኛ ኬክ ስንበላ ግን አንዳችንም ‘ለምን?’ ብለን አልጠየቅንም›› አለች። እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ይገባኛል፣ ፈርሜ ተቀበልኩ። ሰዓቷ ግን ለዓመታት የለፋችበትን ሥራ በገዛ እጇ አቆመችው። ለተመዘገቡት ሕመምተኞችም አንድ በአንድ ተደውሎ ሙከራው እንደዘገየ ተነገራቸው።

ከዚያ እንደገና ከሀ ጀመርን። የጥገና ባለሙያው የድምፅ መለኪያ ይዞ መጣና፣ ማሽኑ ከፉጨቱም ሌላ የሰው ጆሮ የማይሰማው ቀጭን ጩኸት እንደሚያወጣ አገኘ። ለኛ ጸጥታ የመሰለን ለአይጦቹ ቀኑን ሙሉ የሚጮህ ሳይረን ነበር። ማሽኑ ወደ ምድር ቤት ወረደ፤ እትዬ እንፋሎትም ‹‹ካንተ ወሬ የተነሳ እኔንም ቀበራችሁኝ›› እያለች አብራ ወረደች። አዲሶቹ ሳጥኖች በዕጣ ተደባለቁ፣ በየሳምንቱም ቦታ ይለዋወጡ ጀመር። አረንጓዴና ነጭ ወረቀት ቀረ፤ ቁጥር ብቻ ሆነ። ጡጦዎቹ ተሞልተው ነው የሚመጡልኝ፤ የትኛው ምን እንደሚጠጣ እኔም አላውቅ፣ ሰዓቷም አታውቅ። የሚያውቀው ሌላ ሕንጻ ላይ ያለው የስታቲስቲክስ ባለሙያ ብቻ ነው፤ እሱም በፖስታ አሽጎ ቆልፎበታል። አራት ወር እንዲህ ሠራን። አራት ወር ሙሉ በየጠዋቱ ‹‹እባክህ፣ ትንሽም ቢሆን ይሥራ›› እያልኩ ነበር በሩን የምከፍተው።

ፖስታው የተከፈተው የዛሬ ሁለት ሳምንት ረፋድ ላይ ነው። ሰዓቷ እኔንና እትዬ እንፋሎትንም አስጠራችን። ባለሙያው ቁጥሮቹን አነበበ፤ መድኃኒት የጠጡት በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ ባዶ ውኃ የጠጡትም ሦስት ጊዜ። ሰዓቷ ወደ ሰሌዳው ሄዳ በራሷ እጅ ‹‹አይሠራም›› ብላ ጻፈች። ኬክ የለ፣ ጭብጨባ የለ። አንዱ ወጣት ተመራማሪ ዓይኑን ጠረገ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ያንቺን ፊት ነበር የማየው።

ሰው ሁሉ ሲበተን ወደኔ መጣችና እጇን ዘረጋችልኝ። ‹‹አመሰግንሃለሁ። የሚሠራ መድኃኒት ማግኘት አንድ ሥራ ነው፤ የማይሠራውን ሰው ሳይውጠው ማወቅም ሌላ ሥራ ነው። ሁለተኛውን አንተ ሠርተሃል›› አለችኝ። ማመስገን ሲገባኝ ደብዳቤሽን ከኪሴ አውጥቼ ‹‹እህቴ እየጠበቀች ነው›› አልኳት። ያቺ የረጋች ሴት ተቆጣች ብልሽ ታምኛለሽ? ‹‹አይጥ እንድትጠብቅ ያደረጋት ማነው? የምትውጠው የትኛው ክኒን ነው?›› አለችኝ። ስሙን ነገርኳት፤ ድድሽንም መፍዘዝሽንም ነገርኳት። ‹‹ይህ እኮ የድሮ ክኒን ነው። ለፅንስ አይስማማም መባሉ ልክ ነው። ግን ከሱ የተሻሉ፣ በብዙ ሺህ እናቶች ላይ የታዩ ሌሎች መድኃኒቶች ከብዙ ዓመት በፊት ጀምሮ አሉ! አዲስ ነገር መጠበቅ የለባትም›› አለች። እታለም፣ ዓመት ሙሉ ያልተፈጠረ ነገር እየጠበቅን፣ ያለውን ሳንጠይቅ ኖርን ማለት ነው። እኔም ብሆን መድኃኒት ከሚሠሩ ሰዎች መሃል ቁጭ ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩልሽም። ለዚህ ይቅርታሽን እለምናለሁ።

በማግስቱ ሰዓቷ የነርቭ ሐኪም ከሆነ ጓደኛዋ ጋር ተማክራ ለሐኪምሽ ደብዳቤ ጻፈች። ከዚህ ጋር ያለው የታሸገው ፖስታ እሱ ነው፤ አንቺ ባትከፍቺውም ምን እንደሚል ልንገርሽ። ልጅ ለመውለድ እንደምትፈልጊ፣ ክኒንሽ ቀስ በቀስ ወደ ሌላው ሊቀየር እንደሚችል፣ እንዴትና በምን ያህል ጊዜ እንደሚሆንም ሐኪምሽ አይቶሽ እንዲወስን ይጠይቃል። ከእርግዝና በፊት ስለሚጀመር ፎሊክ አሲድ ስለሚባል ቫይታሚንም አለበት። ሰዓቷ ሦስት ጊዜ ደጋግማ ያሳሰበችኝን እኔም ሦስት ጊዜ ልበልሽ፤ የምትውጪውን ክኒን በራስሽ አታቁሚ፣ አትቀንሺ፣ አንድ ቀንም አትዝለዪ። ድንገት ማቆም ከሕመሙ የከፋ ነገር ያመጣል። ሐኪሙ እስኪያይሽ ድረስ እንዳለሽበት ቀጥዪ። ጊዜ ይወስዳል፤ መጀመሪያ የሰጡሽ ላይስማማሽም ይችላል። ቃል ልገባልሽ አልችልም፤ ቃል መግባት ምን እንደሚያመጣ አይቻለሁ። መንገዱ ግን አለ፣ የኔን አይጦችም አይጠብቅም።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምርልሽና ሳቂ። ሰዓቷ የመድኃኒቱን አለመሥራት ለሌሎች ተመራማሪዎች በኢንተርኔት በወጣ አጭር ጽሑፍ አሳውቃለች፤ እነሱም በዚያው ጉድጓድ እንዳይገቡ። በጽሑፉ መጨረሻ ላይ ምስጋና የሚባል ቦታ አለ። እዚያ የኔና የእትዬ እንፋሎት ስም ገብቷል። እትዬ እንፋሎት አሥር ኮፒ አስወጥታ ለጎረቤቶቿ አድላለች፤ አንዱን ምድር ቤት ማሽኑ ላይ ለጥፋዋለች። እኔ ሰዓቷ ዘንድ ሄጄ ያንቺንም ስም እንድታስገባ ለመንኳት። ‹‹ምን ሠራች ብለን እንጻፍ?›› ስትለኝ የደብተሩን ነገር ነገርኳት። ጊዜው አልፎ ጽሑፉ ወጥቶ ነበርና አልሆነም። ግን በራሷ ቅጂ ላይ፣ ከኔ ስም ጎን፣ በእርሳስ ‹‹እና እህቱ›› ብላ ጽፋ አሳየችኝ።

ምስጋናዬ ለማን ለማን እንደሆነ ልቆጥር ብሞክር ወረቀቱ ያልቅብኛል። ስህተቴን ይዛ ልትቀጣኝ ስትችል ከጎኔ ለቆመችው፣ እጇ ሳይደርቅ አብራኝ ለሄደችው፣ ምንም ሳያጠፉ ለኛ ሲሉ ለሚሰቃዩት ለነዚያ ትንንሽ ፍጥረቶችም። አትሳቂብኝ፤ ጠዋት ስገባ ‹‹እንደምን አደራችሁ›› እላቸዋለሁ። ከሁሉ በላይ ግን ላንቺ ነው። አንቺ እንደ ሸክም የምታዪው ሕመምሽ እኔን ዓይን ሰጥቶኛል፤ እሱም መቶ ሃያ የማያውቁሽ ሰዎችን ከከንቱ ተስፋ አትርፏል። ይህን እወቂልኝ።

እንግዲህ እታለም፣ ጠብቂ ያልኩሽ እኔ ነኝ፤ አትጠብቂ የምልሽም እኔው ነኝ። ደብዳቤው በደረሰሽ ማግስት ፖስታውን ይዘሽ ወደ ሐኪምሽ ሂጂ። ብቻሽን አትሂጂ፤ ባለቤትሽ ሱቁን ዘግቶ ይከተልሽ። ሐኪሙ ያለሽን ስትነግሪኝ በስልክ ‹‹ደህና ነኝ›› እንዳትዪኝ፤ ያለሽን በሙሉ ንገሪኝ።

እማዬን ጉልበቷን ሁለቱንም ሳሚልኝ፤ ደረጃውን በምርኩዝ ትውጣ፣ ኩራቷን ለኔ ትላክልኝ። ለባለቤትሽ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ቅር ቢለው ይህን ደብዳቤ አንብቢለት፣ ያወረደብኝን እቀበላለሁ። ታናሻችንን ጆሮዋን ቆንጠጥ አድርገሽ ‹‹ፈተና ስትጨርሺ ለወንድምሽ አንድ መስመር መጻፍ ያቅትሻል?›› በያት። አጎታችንን ጋሼን እጅ ነስቶሃል በይልኝ፤ መዶሻውን ከእጁ እንዳይጥል። ጠዋት ጠዋት ሱቅ ስትሄዱ ሰላም ለምትሏት ለጎረቤታችን ለመምህርቷም እንዲሁ። እዚህ ያሉት ሰዓቷና እትዬ እንፋሎት ሳያውቁሽ ሰላም ብለውሻል፤ እትዬ እንፋሎት ‹‹ወንድምሽ ጥሩ ልጅ ነው፣ ግን ይሸታል›› በይልኝ ብላለች።

ዘወትር የሚያስብሽ ታናሽ ወንድምሽ፤
ከአይጦቹ ክፍል ፊት ለፊት ካለው ኮሪደር፣ በምሳ ሰዓት፣
ኅዳር ፲፯ ቀን።